የናሁሰናይ አዲስ አድራሻ

ሰዎች ትዝታቸውን ለፍለጋ ማሽኑ ከሰጡ ወዲህ፣ በፍለጋ የማይገኝ ሟች ከቤተሰቡም ልብ ይጠፋል። ሟቹን የማይረሳው የመታሰቢያ ድረ ገጹን የሚጠብቅለት ሰው ብቻ ነው።

የናሁሰናይን ገጽ የምትጠብቀው እናቱ እልፍነሽ ነበረች። ገጹ ያለበት ድርጅት ሊዘጋ ሲል የልጇን ፎቶዎችና ድምፁን ወደ አዲስ አድራሻ አዛወረች። የድሮው አድራሻ ፈላጊውን ወደ አዲሱ እንዲመራ ማድረግ እንዳለባት ግን አላወቀችም።

በማግስቱ ባሏ ታምሩ ምሳ ቀርቦለት ሳለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አየ።

«ይሄ መልከ መልካም ልጅ የማን ነው?» አላት።

ልጁ ከሞተ ወዲህ ከሁለት ጉርሻ የማያልፈው ሰው ሰሃኑን ጨርሶ ጭማሪ ጠየቀ።

እልፍነሽ ጓዳ ገብታ ገጹን ለሠራችላት ለሐዊ ደወለች።

«የድሮውን አድራሻ አሁን ከአዲሱ ባገናኘውም ትዝታው ለጋሽ ታምሩ ቀስ እያለ ነው የሚመለስላቸው፣ እትዬ» አለች ሐዊ።

«ሲመለስለት መርዶውንም እንደ አዲስ ነው የሚሰማው?»

«አዎ። ላገናኘው ወይስ ልተወው?»

ታምሩ ሳሎን ውስጥ ያንጎራጉር ነበር። እልፍነሽ ጥቂት አዳመጠችው። እንባ እንኳ አልመጣላትም።

«አገናኚው» አለቻት። «ብቻዬን አልችለውም።»