የሊድያ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች

«ቁጭ በይ። ሲነበብልኝ የቆመ ሰው አልወድም» አሉ መሪጌታ ዘማርያም።

ራሄል ተቀመጠች። ቤቱ የራሷ ነው። እንግዳ የሆነችው ግን እሷ ነበረች።

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ የተከራየቻት አንዲት ክፍል ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል አበባ የታተመበት መጋረጃ። ከመጋረጃው ጀርባ የመሪጌታ ልጅ ሊድያ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከጧት ጀምሮ ትፈለጋለች።

እሑድ ሰርጓ ነው። ሙሽራው ዲያቆን ኒቆዲሞስ ይባላል። ጳጳሱ ከወር በኋላ ይመጣሉ፤ ዲያቆን ደግሞ ሳያገባ ቅስና አይሰጠውም። ችኮላው ለዚህ ነው። ሊድያ ግን ነገ ሲነጋጋ በደሴው አውቶቡስ ወደ አክስቷ ልትሄድ ነው። ቲኬቱን ራሄል ገዝታዋለች። አባትየው መጋረጃውን አንዴ ቢገልጡት ሁሉም ነገር አለቀ።

«ከፍራሿ ሥር አገኘሁት» አሉ መሪጌታ፣ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጉ። «አንድም የሀገር ፊደል የለበት። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ። ንገሪኝ።»

ራሄል አየችው። የሊድያ የእጅ ጽሑፍ። «እቅድሽን በእንግሊዝኛ ጻፊው፤ የቤት ሥራ ይመስላል፤ እናንተ ቤት ማን ያነበዋል?» ያለቻት ራሷ ናት።

«የዚህ ሳምንት ትምህርት ነው፣ መሪጌታ። በእንግሊዝኛ አንዳንዱ ግስ ሁለት ተሳቢ ይወስዳል። ሰጠ፣ ላከ፣ ገዛ... ለማን እንደሰጠና ምን እንደሰጠ ተከታትለው ይመጣሉ።»

«ማን ይቀድማል?»

«ተቀባዩ። ዕቃው ይከተላል።»

«እንደ ወሀበ ነዋ! በግእዝም ወሀበ፣ ሰጠ ማለት ነው፣ ሁለት ተሳቢ ይሸከማል። እኔ ደግሞ ፈረንጅ አዲስ ነገር ያመጣ መስሎኝ።»

ራሄል ልትስቅ ሞከረች። አልመጣላትም።

«የኔታ!» የሚል ድምፅ ከደጅ መጣ። ስማቸው የሚባለው የሙሽራው አጎት ነው፤ ከነዱላው አጥሩ ሥር ቆሟል፤ ሁለት ጎረምሶችም አሉ። «ደብተር ነው ወይስ ድርሳን? አያልቅም እንዴ?»

«ቆይ አንተ! ቅኔ እንኳ ተዘርፎ እስኪያልቅ ይጠበቃል!» ብለው መለሱና ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። «የመጀመሪያዋ።»

የመጀመሪያዋ «መምህሬ ቲኬት ትገዛልኛለች» ነበር የምትለው።

«እናቴ ሻሽ ትገዛልኛለች» አለች ራሄል።

የመሪጌታ ጣት ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። የመጨረሻው ቃል ላይ፣ ቲኬት የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ጥፍሩ እስኪነጣ ተጫነው። ዳዊት ሲያስቆጥር የኖረ ጣት ነው፤ መስመር መከተል ልማዱ ነው ብላ አለፈችው።

«ሻሽ። ለሰርጓ ይሆናላ።»

«ይሆናል።»

«ሁለተኛዋ።»

ሁለተኛዋ «አክስቴ ትምህርት ቤት ታገኝልኛለች» ትላለች።

«አክስቴ በግ ታመጣልኛለች።»

«አክስቷ?» ቀና ብለው አዩዋት። «የኔ እህት ዶሮም አምጥታ አታውቅ።»

ደጅ ያሉት ሳቁ። ሦስተኛዋ ቀረች። አየቻት፤ አደጋ ያለባት አልመሰላትም። እንዳለች ተረጎመቻት።

«ለአባቴ ደብዳቤ እልክለታለሁ።»

መሪጌታ ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አነሡ።

«ከየት ሆና?»

«እ?»

«ደብዳቤው። አብረን አይደል የምንኖረው? በአንድ ገበታ እየበላን ከየት ሆና ነው የምትልክልኝ?»

ራሄል ደብተሩን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። «ምሳሌ... ምሳሌ ብቻ ነው፣ መሪጌታ።»

«ምሳሌ» አሉና ተነሡ።

ወደ በሩ አልሄዱም። ወደ መጋረጃው ነው የሄዱት። ሁለት እርምጃ። ሦስት። ራሄል ልትነሣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋች። ከመጋረጃው ጠርዝ በታች የሸራ ጫማ ጫፍ ይታያል፤ አቧራ የለበሰ፣ ጠባብ፣ የሴት ልጅ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው ጫማውን አዩት። እጃቸው ተነሣ። ጨርቁን ሊነካ ስንዝር ሲቀረው አየር ላይ ቆመ።

«የኔታ! ልግባ?» አለ ስማቸው። የአጥሩ በር ሲጢጥ ሲል ተሰማ።

መሪጌታ ዞር ብለው በሩን በግማሽ ከፈቱት። መግቢያውን በትከሻቸው ሞሉት።

«ምን ልትገባ? እዚህ ቤት ከደብተር በቀር ምንም የለም። ልጅቷን በወግዲ መንገድ ስትወርድ ያዩዋት አሉ። አሁን ነው የገባኝ። ሩጡ! ወንዙን ተሻግራ ሳታመልጣችሁ!»

«አይ ይህቺ ልጅ! አብሽሩ የኔታ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘናት እንመጣለን!»

ዱላው፣ ጎረምሶቹ፣ የሩጫው ኮቴ፤ ሁሉም ከደሴ መንገድ በተቃራኒ ወደ ምዕራብ ራቀ። መሪጌታ ኮቴው እስኪጠፋ ጠበቁ። ከዚያ ከኩታቸው ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡና ደብተሩ ላይ አኖሩት።

ከሊድያ ትምህርት ቤት የተሰጠ መልቀቂያ ነበር። የዛሬ ቀን ተጽፎበታል።

«ቲኬት የምትለዋን ቃል አውቶቡስ ተራው ላይ ሁልጊዜ አያታለሁ። ያለዚህ ደሴ ማንም ትምህርት ቤት አይመዘግባትም» አሉ በዝግታ፣ ለራሄል ሳይሆን ለመጋረጃው፤ ወጡና በሩን ከውጭ ዘጉት።