የውሰት ድስቶች

መኪናው ደጅ ቆሞ ክላክስ ሲያደርግ ሙጀሂድ የሳለውን ካራ እንደገና ይስል ነበር። ሱብሂን ሰግዶ ከተነሣ ወዲህ አንድ ቦታ አልረጋም፤ ገመዱን ጠቀለለው፣ ፈታው፣ መልሶ ጠቀለለው። ፈረንጁን አዳኝ ተራራው ላይ ድኩላ ወዳለበት የሚመራው እሱ ነው። ሥጋው ለመንደሩ እንደሚተው ስለተነገረ፣ ሚስቱ ረምዚያ አባቷ ቁርኣን ለሚያቀሯቸው ደረሶች ድግስ አስባ ከየጎረቤቱ ትልልቅ ድስት ተውሳለች።

"አደራህን፣ ነፍሱ ሳትወጣ ድረስበት" አለችው ኮዳውን ውሃ እየሞላች። "ካልታረደ አባባ እጃቸውን አይዘረጉበትም።"

ሙጀሂድ ካራውን ወገቡ ላይ ካለው አፎት ከተተ። ትናንት አስተርጓሚው የራሱን ጉሮሮ በጣቱ እያሳየ የነገረውን አልነገራትም። የድኩላው ጭንቅላት ከነአንገቱ ፈረንጁ ቤት ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል፣ አንገቱን ካራ እንዳይነካው ተብሏል። እሱም እሺ ብሏል። ከጧት ጀምሮ አላስቀምጥ ያለችው ያቺ እሺታው ነበረች።

ክላክሱ ደገመ። ሙጀሂድ ብድግ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደና ቀዩን አውራ ዶሮ ይዞ ተመለሰ።

"ኧረ ምን ነካህ? ለኢድ ያልነው አይደለም እንዴ?"

ወደ ቂብላ አዞረውና "ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር" ብሎ አረደው። ካራውን ጠራርጎ ከዶሮው ጋር ሰጣት።

"ለደረሶቹ ይሄን ሥሪላቸው" አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ባዶው አፎት ጭኑን እየመታው ወደ መኪናው ሮጠ። መኪናው ሲነሣ ዞር ብሎ አየ። ረምዚያ ትንሿን ድስት ለይታ አስቀምጣ፣ የተዋሰቻቸውን ልትመልስ አንዱን ባንዱ ውስጥ ትከት ነበር።