ሠላሳ ድምፅ በጅምላ

ዘጠና ሺህ ብር። ባለወፍጮው የገበያውን ሊቀመንበርነት የገመተው በዚህ ዋጋ ነበር፤ ርካሽ ነው ብሎም ነበር።

ገበያው ራሱን በራሱ ያስተዳድራል። ባለሱቆቹ በየሦስት ዓመቱ ሊቀመንበር ይመርጣሉ፤ እሱ ደግሞ መዋጮ ይሰበስባል፣ ጥበቃ ይቀጥራል፣ ጥገና ያሠራል። ዘንድሮ የሚያፈሰውን ጣሪያ ለማስቀየር የተጠራቀመ አንድ ሚሊዮን ብር ባንክ ተቀምጧል። ያን የሚያህል ጣሪያ ሲቀየር መቼም ጥቂት ቆርቆሮ መንገድ ላይ ይጠፋል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ባለወፍጮው። ቁጭት ደግሞ ለጤናው አይስማማውም።

መራጮቹ ስልሳ አንድ ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ለሁሉም ይበትን ነበር። ባለወፍጮው ግን ከአንድ ጆንያ ተነሥቶ ሦስት ወፍጮ የተከለው ገንዘብ በመበተን አይደለም። ለማሸነፍ ሠላሳ አንድ ድምፅ ይበቃል፤ ሠላሳ አንደኛው የራሱ ነው፣ ራሱን ደግሞ በነፃ አገኘው። ስለዚህ ደህና ደህና ሱቅ ያላቸውን ሠላሳ ሰዎች መርጦ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሺህ ብር በፖስታ አሽጎ፣ ለየብቻ፣ «በእኔና በአንተ መካከል ይቅር» እያለ ሰጠ። ለቀሩት ሰላምታም አላበዛም።

እምቢ ያለ አልነበረም። ግማሹ የእሱ ባለዕዳ ነው፤ ግማሹም ነገ ሊሆን ይችላል። ሰዓት ሠሪው ብቻ ፖስታውን እያገላበጠ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ አውጥተው ከየት ሊመልሱት ነው?»

«ወንበሩ ይመልሰዋል።»

«ወንበሩማ እንጨት ነው።»

«አንተ ሰዓትህን ሥራ።»

ሰዓት ሠሪው ሳቅ ብሎ ፖስታውን ኪሱ ከተተ።

ተፎካካሪው ልብስ ሰፊው ነበር። ለማንም ሻይ እንኳ አልጋበዘም። ቅስቀሳው «ጣሪያውን አስቀይራለሁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ያውም እየተንተባተበ። ባለወፍጮው ከልቡ አዘነለት።

በምርጫው ዋዜማ እንቁላል ሻጯ ባለወፍጮውን አስቆመችው። ከሠላሳዎቹ አልነበረችም።

«ጋሼ፣ ገንዘብ የሚያድል አለ አሉ። ሰምተዋል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«እርስዎማ ከየት ያውቃሉ። ያ ልብስ ሰፊ ይሆናል እንጂ። ዝምተኛ ሰው ያስፈራኛል።»

«የሕዝብ አደራ በገንዘብ አይገዛም፣ እናቴ» አለና ስድስት እንቁላል በአምስት እንቁላል ዋጋ ተከራክሮ ገዛ።

ድምፁ በምስጢር ተሰጥቶ በአደባባይ ተቆጠረ። ልብስ ሰፊው ሠላሳ አንድ፣ ባለወፍጮው ሠላሳ። ባለወፍጮው እንደገና አስቆጠረ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

«በአንድ ድምፅ» አላት ሚስቱን፣ ቤት ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ። «አንድ ሌባ ሦስት ሺህ ብሬን በልቶ ካደኝ።»

«አንድ ብቻ?»

«ሠላሳ አንድ ነበር የሚገባኝ፤ ሠላሳ መጣ። ስንት ጎደለ?»

«አንተ ካልክ እንግዲህ» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ከገንዘቡ ይልቅ የሰዉ ሥነ ምግባር መውረዱ አንገበገበው። ሰው እንዴት ድምፁን ሸጦ፣ ዋጋውን ተቀብሎ፣ ዕቃውን አያስረክብም? እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል ራስን በራስ ማስተዳደር ከየት ይመጣል?

ሌባውን ፍለጋ ወጣ። ሰዓት ሠሪው ከወትሮው በላይ ስለሳቀ ተጠረጠረ። ሥጋ ሻጩ ዓይኑን ሰበር ስላደረገ ይበልጥ ተጠረጠረ። ሲጠየቁ ግን ሁሉም ማሉ። ሥጋ ሻጩማ ቢላዋውን እንደያዘ «ጋሼን ያልመረጠች እጅ ትቆረጥ» አለና ሥጋውን መቁረጡን ቀጠለ።

ባለወፍጮው ብልሃት አላጣም። ሠላሳዎቹን አንድ በአንድ ለብቻ እየጠራ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ነገራቸው።

«የካደኝን ሰው ደርሼበታለሁ። ማን እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ላዋርደው አልፈልግም። እሑድ ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው፤ ሦስት ሺህ ብሬን በበሩ ሥር ያስገባልኝና ይቅር እለዋለሁ። እምቢ ካለ ሰኞ ገበያው መሐል ቆሜ ስሙን እጠራለሁ።»

«ትልቅ ሰው ነዎት፣ ጋሼ» አለ ሥጋ ሻጩ፣ ግንባሩን እየጠረገ።

ባለወፍጮው በልቡ «ያዝኩህ» አለ።

ሰኞ ጠዋት ሚስቱን አስከትሎ ወፍጮ ቤቱን ሊከፍት ሄደ። ቁልፉ ዞረ፤ በሩ ግን አልገፋ አለው። በትከሻው ገፍቶ ገባ። መሬቱ ላይ ፖስታ አለ። ከሥሩ ሌላ ፖስታ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። ሚስቱ ጎንበስ ብላ እየለቀመች አቀበለችው፤ እሱ ቆጠረ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ቆጠራ አላመነምና ደግሞ ቆጠረ።

«ስንት ሆነ?» አለችው።

«ሠላሳ።»

«ገንዘቡስ?»

«ዘጠና ሺህ። ሳንቲም አልጎደለም።»

«እንግዲያው አልከሰርክም» አለች ሚስቱ።

ባለወፍጮው ካገኛቸው ሠላሳ ድምፆች የራሱን አንድ ቀነሰ፤ ሃያ ዘጠኝ ቀረ፤ ሳንቲም ያልሰጣቸው ሰዎችም፣ ልብስ ሰፊው ሲወጣ፣ ልክ ሃያ ዘጠኝ ነበሩ።