ፍሬን ያልተረገጠበት ቁልቁለት

በብርድ ልብሱ ስር፣ እግሯ አጠገብ ያለው ማሞቂያ እስከ ጥግ መከፈቱን ኤልቪራ ያስተዋለችው ግሬፕቫይን የሚባለውን የተራራ መንገድ አቀበት ከተያያዙት በኋላ ነው። ሎስ አንጀለስ ወደብ ላይ ኮንቴይነር እስኪጫንላቸው ሲጠብቁ ጉልበቷን ቢበርዳት ከፈተችው፣ ከዚያ ረሳችው። በሟች ባሏ የናፍጣ መኪና ሙቀት ነጻ ነበር፤ ሞተሩ የሚተፋው ትርፍ። ይህችኛዋ የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና ግን የምታሞቀው ከባትሪዋ እየቀነሰች ነው።

"ያሬሊ፣ ልጄ፣ ጉድ ሠርቻለሁ።"

ልጇ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል እጇን ሰዳ አጠፋችው። የባትሪው ሰሌዳ ዘጠኝ በመቶ ይላል። "ለካ አንቺ ነሽ! እኔ ባትሪውን ስረግም።"

"ጫፉ ላይ መሙያ የለም?"

"እሱ ለቤት መኪና ነው፣ እማዬ። ይኼን ሁሉ ተሳቢ ይዤ የት ልታጠፍ?"

ስልኩ ጮኸ። ናቾ ነው፤ የኤልቪራ ወንድም፣ የመኪናዎቹ ግማሽ ባለቤት።

"እህ፣ መጫወቻችሁ አልደከማትም? ጎታች ልላክ?"

"አጎቴ፣ አንተ በሩን ክፈትና ጠብቅ።"

"ቃላችንን እንዳትረሺ። ተጎትታ ከመጣች ነገ ለሻጩ ትመለሳለች። አንቺም ወደ ካሮት አጠባ ሥራሽ።"

ኤልቪራ ሁሉም ነገር ታያት፤ መኪናዋ መሀል መንገድ ቆማ፣ ከኋላ ጥሩምባው ሲጮህ፣ ልጇ እንደገና የጎማ ቦት አጥልቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትቆም። ሰባት። አምስት። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሦስት። ከተራራው ስር አርቪን ከተማ እስካለው ግቢያቸው ድረስ ያለው ሜዳ ብቻ የዚያን እጥፍ አልፎ ይፈልጋል።

ቁልቁለቱ ተጀመረ። ኤልቪራ አማተበች። ባሏ ፍሬኑ ጨሶ ከመንገድ ዳር አሸዋ ውስጥ የገባው እዚሁ ነው። እግሯ ሳታዝዘው ወለሉን ረገጠ።

"እማዬ፣ ወለሉን ልትበሺው ነው።"

"ፍሬን ያዢ!"

"አልይዝም።"

ያሬሊ እግሯን ከነዳጅ መስጫው... ነዳጅ እንኳ የለም፣ ከፔዳሉ አነሳች። መኪናዋ አልተፈተለከችም። ከኋላዋ በገመድ እንደተያዘች በቅሎ ራሷን እየገታች ወረደች። ሰሌዳው ላይ ሦስት የነበረው አራት ሆነ።

"ተበላሸ?"

"እየሞላ ነው! ስንወርድ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩ ደግሞ ለባትሪው ይመልሳል። ጭነታችን በከበደ ቁጥር ብዙ ይመልሳል።"

"ከየት አምጥቶ?"

"ከተራራው!"

በቀኛቸው አንድ የናፍጣ መኪና ጎማው እየጨሰ ዳር ይዞ ቆሟል። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ በመስኮቱ ገባ። ኤልቪራ አፍንጫዋን ያዘች፣ መልሳ ለቀቀችው፤ መቁጠር ይዛለች። "ስድስት! ያሬሊ፣ ስምንት!" ከታች ሜዳው ላይ ሲዘረገፉ ብርድ ልብሱን ወደ ኋላ ወርውራ፣ የፈረስ ውድድር እንደሚያይ ሰው እየጮኸች ነበር። "አሥራ ሁለት!"

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሰሌዳው አራት እያለ፣ በራሳቸው ጎማ ግቢያቸው ያለው መጋዘን ገቡ። ናቾ በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄደ። የድሮ ሾፌር እንደሚያደርገው፣ ሙቀቱን ለመለካት የእጁን ጀርባ ወደ ጎማው መሀል አስጠጋ። ትንሽ ቆየና መዳፉን ሙሉ ለሙሉ ለጠፈበት።

"በግሬፕቫይን ነው የመጣችሁት?"

"በየት ልንመጣ ኖሯል?" አለች ያሬሊ።

"ፍሬኑ ቀዝቃዛ ነው እኮ፣ አንቺ ልጅ።" መዳፉን አገላብጦ አየው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዶ ወፍራሙን የባትሪ መሙያ ገመድ ራሱ ጎትቶ አመጣ። "በየት በኩል ነው የሚሰካው? ነገም ስለምትጭኚ በደንብ ትሙላ።"

ኤልቪራ የመጋዘኑን ትልቅ በር ስትስብ ወንድሟ አሁንም ውስጥ ነበር።

"ናቾ፣ ልቆልፍ ነው!"

"ቆይ፣ ቆይ። አንዴ ብቻ ልየው።" ሰሌዳው ላይ አጎነበሰ፤ ፊቱ በሰሌዳው ብርሃን አረንጓዴ ሆነ። "አምስት ገባ!" አለና፣ የሕፃን ጥርስ እንዳየ ሰው እየሳቀ ወጣ።

ኤልቪራ ቁልፉን አዞረች።