በጠንቋዩ መስታወት

የፊዚክስ መምህሩ ነጭ ጋዋኑን እንኳ ሳያወልቅ ጠንቋዩ ቤት ሲደርስ፣ ጠንቋዩ ያኘከውን ቅጠል በመምህሩ ታማሚ እህት ፊት ላይ እንትፍ ሲል አገኘው። አረንጓዴው ምራቅ በጉንጯ ይንጠባጠባል።

እናቱ ጠንቋዩ የሰጣትን ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት ዓይኗ ላይ ደቅና ታለቅሳለች።

«ልጄ፣ በዚህ ሳያት የእህትህ ነጠላ ዳር ዳሩን ቀይና ሰማያዊ ሆኗል። የያዛት ዛር ነው አሉኝ።»

«ምን ዛር አመጣው፣ እማዬ! ብርሃን ነው! በዚህ መስታወት ሲታይ፣ ነጭ ነገር ከጥቁር ጋር የሚዋሰንበት ጠርዝ ሁሉ ቀለም ያወጣል። ይኸው፣ እኔን እዪኝ!» አለና ጨለማው ጓዳ በር ላይ ሄዶ ቆመ።

እናቱ መስታወቱን ወደ እሱ አዞረች።

«ወይኔ ልጆቼ! እሱንም ይዞታል!»

ጠንቋዩ አዲስ ቅጠል ጎርሶ ማላመጥ ጀመረ።