የሩፋኤል ዝናብ

ባሕር ዳር ውስጥ ዝናብ ሰው ከነካ ስንት ዘመኑ! ጠብ ማለት ሲጀምር ብስክሌቱ ሁሉ መስታወት የመሰለ ክዳኑን ይደፋል፤ ነጂውም ሳይርስ፣ ሳይንሸራተት ቤቱ ይገባል። አሮጊቷ ትርንጎም ብትሆን ምቾት አትጠላም። ዛሬ ግን ጳጉሜ ሦስት ነው። የአልጋ ቁራኛ የሆነችው እህቷ ማንጠግቦሽ በጠዋት፣ «የሩፋኤልን ዝናብ አስነኪኝ፤ ለከርሞ መድረሴን እንጃ» ብላታለች። አሁን መንገድ ላይ ሳለች ዘነበ፤ ደመናው ስስ ስለሆነ ቤት እስክትደርስ ያባራል።

«ክፈት!» አለችው ብስክሌቱን።

«እማማ፣ መንገዱ ያዳልጥዎታል» አላት ብስክሌቱ። «ከከፈትሁ እስኪያባራ ድረስ እቆለፋለሁ።»

«ተቆለፍ! እኔ በሐምሌ ጭቃ ያለ ፍሬን የነዳሁ ሴት ነኝ፤ አንተ ቆርቆሮ ልትመክረኝ?»

ክዳኑ ተከፈተ፣ ጎማው ተቆለፈ። ትርንጎ ወርዳ ነጠላዋን ለሰማይ ዘረጋች። በየክዳናቸው ውስጥ ሆነው የሚያልፉት እንደ እብድ አዩዋት። ነጠላው ሲርስላት ብስክሌቱን እዚያው ጥላ፣ የታመመ ጉልበቷን እየረገመች በእግሯ ገሰገሰች።

እርጥቡ ነጠላ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ማንጠግቦሽ ጮኸች።

«ኡይ! ይበርዳል!»

«ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር?» አለቻት ትርንጎ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

«ረስቼው ነበር» አለች ማንጠግቦሽ፤ ነጠላውንም ወደ ፊቷ ሳበችው።