የሚርገበገበው አጥር

ጋሼ ወንፊት በሩን ከኋላቸው ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እህቴ፣ አጥሩ ዛሬም ይርገበገባል።»

የምስል ክፍሉ ኃላፊ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። የመኪና እሽቅድምድም ጌማቸው ዓርብ ለገበያ ይወጣል። ጋሼ የቢሮው ሞካሪ ናቸው፤ ሌላው የሠራውን እየተጫወቱ ጉድለቱን ይለቅማሉ። ወንፊት የተባሉትም አንድም ስህተት ስለማያሳልፉ ነው።

«ትናንት አስተካክዬው የለ እንዴ ጋሼ?»

«መኪናው ሲቆም ጸጥ ይላል። መንዳት ስጀምር የሽቦው ጠርዝ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። የቆርቆሮ ጣሪያውም ያው ነው፤ ከሩቅ ብልጭ ድርግም ይላል።»

ይህን በሽታ ታውቀዋለች። ቀጭን መስመር ከሩቅ ሲታይ ከስክሪኑ ነጥቦች ያንሳል፤ መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። መድኃኒቱ ማለስለስ ነው። የጠርዝ ማለስለሻውን ከፍ አደረገች። ለሩቅ ዕቃዎች ደብዘዝ ያለ ሥዕል ተካች። ከዚያ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ መኪናውን ነዳች።

«ንጹህ ነው» አለች።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ለእኔ ያው ነው።»

በዚያ ቢሮ ልማድ የምስል ጉድለት የሚዘጋው እሷ «ንጹህ ነው» ስትል ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ደግሞ አያየውም። ይህን ለመዝጋት ግን እጇ እምቢ አላት። ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ኬብሉን ቀየረች። የግራፊክስ ካርዱን ሶፍትዌር አደሰች። በመጨረሻ ጋሼን ከራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ይሄ ፊደል ምን እየበላ ነው እንዲህ የወፈረው?» አሉ ስክሪኗን እያዩ።

«ክፍሉ ጨለማ ሆኖብኝ ነዋ። ጽዳቷ መስኮቱን መወልወል ትታለች።»

ጋሼ ወደ መስኮቱ አዩ። ከዚያ መኪናውን ነዱ።

«ይርገበገባል» አሉ ቀስ ብለው።

አንድ ስክሪን፣ አንድ አጥር፣ ሁለት ሰው። ጥፋቱ ማሽኑ ውስጥ አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ጠበቃት። ሥራ አስኪያጁ መሆኑን ያወቀችው ሲናገር ነው።

«እኔ በስልኬ ነው ያየሁት፤ ለእኔ ሁሉም ያምራል» አለ። «አንቺ ንጹህ ነው ካልሽ ግን ንጹህ ነው። ሰውዬው አርጅተዋል። የማያይ ሞካሪ ምን ያደርግልኛል? ወይ ይታከሙ፣ ወይ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

ምሳ አልበላ አላት። ብትናገር ልታዋርዳቸው ነው፤ ዝም ብትል እንጀራቸው ሊቋረጥ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝና... ዓይንዎን ሐኪም ቢያየውስ?»

ይቆጣሉ ብላ ነበር። ጋሼ ግን ትክ ብለው አዩዋት።

«እሺ። የማውቀው ሐኪም አለ። ብቻዬን ግን አልሄድም፤ አብረሽኝ ትገቢያለሽ።»

«እስከ ውስጥ?»

«እስከ ውስጥ። ቃል ግቢልኝ።»

ፈርተዋል ብላ አሰበች። መንገድ ሲሻገሩ ክንዳቸውን አጥብቃ ያዘች። ጋሼ ግማሽ እርምጃ ቀደም እያሉ «ቀስ... እዚህ ጋ ደረጃ ነው» ይላሉ። ፍርሃታቸውን በወሬ የሚሸፍኑ መሰላት። ሐኪሙ ዓይንዎ አልቋል ቢላቸው ለሥራ አስኪያጁ የምትነግረው እሷ ናት።

ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ሁለቱንም አስገባ። እሷ ግድግዳው ሥር ቆመች። ጋሼ ባዶውን የምርመራ ወንበር አልፈው መጥተው ከጎኗ ቆሙ።

«የእርስዎንማ ባለፈው አይቼዋለሁ፤ በመነጽርዎ ምንም እንከን የለበትም» አለ ሐኪሙ ጋሼን እያየ። «ዓይናቸው እየደከመ ነው ያሉኝ እህትዎ እኚህ ናቸው?»